የአዬዮ ፋጡማ የጃፓን ኒሻን

በመጀመሪያ፣ ኒሻንና ሜዳልያ አንድ አይደሉም። ሜዳልያ አንድ ዘመቻ ላይ ለተሰለፈ ሁሉ ሊሰጥ ይችላል፤ ኒሻን ግን ደረጃ አለው፣ ሰው ተመርጦ ነው የሚሸለመው። ወሬዬን በዚህ የጀመርኩት ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን አንድ ሰው "ያቺ ሜዳልያህ እንዴት ናት?" ካለኝ፣ ልዩነቱን ሳስረዳው ሻዩ ይቀዘቅዝበት ነበር።

ከኮሮናው ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት በጅግጅጋ የታሪክ መምህርነቴን ሦስተኛ ዓመት ጀምሬ ነበር። የፍቼ ልጅ ነኝ። አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ መጻሕፍቴ በቁመታቸው ተደርድረዋል፣ ሸሚዞቼ በቀለማቸው ተሰቅለዋል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ ከወረቀት መያዣ ፕላስቲክ ራሴ የሠራሁት አልበም አለ። በአልበሙ ውስጥ አራት የጥንት የጃፓን ጦር ሜዳልያዎች ነበሩ።

ጅግጅጋ ተቀምጦ የጃፓን ሜዳልያ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ድንበሩ ላይ፣ ቶጎጫሌ ነው፤ ከውጭ በቦንዳ ከመጣ አሮጌ ልብስ መሃል በወጣ ወፍራም ካፖርት ኪስ ውስጥ። ሻጩ የካፖርቱ ቁልፍ መስሎት መርቆ ሰጠኝ። ሁለት ባንዲራ የተጠላለፈባት፣ አሞራ ያረፈባት የነሐስ ሜዳልያ ነበረች። ሦስት ሳምንት ኢንተርኔት ላይ ስቆፍር ቆይቼ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ወደ ቻይና ላዘመታቸው ወታደሮች የሰጣት መሆኗን ሳውቅ፣ የሆነ ሰው ከሩቅ ስሜን የጠራኝ ያህል ተሰማኝ። የቀሩትን ሦስት ከአዲስ አበባ አገኘሁ። ኮሪያ ዘምተው በጃፓን በኩል ያለፉ ወታደሮች ከቶኪዮ ሱቆች የገዟቸው ነበሩ።

መሰብሰብን ያስተማሩኝ ጋሽ መኮንን ናቸው። አፍደም የሚኖሩ፣ ከባቡር ጣቢያ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ የየአገሩን ሜዳልያ የሚያጠራቅሙ አዛውንት ናቸው። ሦስት ሕግ ሰጥተውኛል፤ አትወልውል፣ ውሃ አታስነካ፣ ከማን እንደመጣ ሳትጽፍ አታስቀምጥ። "የመጣበት ያልታወቀ ሜዳልያ ቆርቆሮ ነው" ይሉኛል። እኔም ለእያንዳንዷ ቁጥር ሰጥቼ፣ ክብደቷን፣ ደረጃዋንና የመጣችበትን በደብተር እመዘግብ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመምህራን ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው የሒሳብ መምህር እልያስ ይባላል። የቀብሪበያ ልጅ ነው። እግሬ ጅግጅጋን ከረገጠ ጀምሮ ቤት የፈለገልኝ፣ ሲያመኝ ሐኪም ቤት የወሰደኝ፣ ሩዝ በሙዝ መብላት ያስለመደኝ እሱ ነው። የዚያን ቀን የተማሪ ደብተር እያረመ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

"አንተ፣ ያ ቆርቆሮህ ላይ ያለው ጽሑፍ የቻይና ነው የጃፓን?"

"ቆርቆሮ አይደለም።"

"ይሁን፣ ብረት።"

"ነሐስ። ጽሑፉ የጃፓን ነው፤ ነገር ግን ጃፓኖች ፊደሉን ከቻይና የወሰዱት..."

"ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ፈተና አልሰጠሁህም። እንደዚያ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት ነገር አያቴ ጋ አለ። ከሀብሏ መሃል የተንጠለጠለ። አባቷ ከበርማ ነው ያመጣው።"

እስኪርቢቶዬ ከእጄ ወደቀ። ለማታውቁት ላስረዳ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከሶማሌ ምድር ወታደር መልምለው በርማ ድረስ ወስደው ከጃፓን ጋር አዋግተዋል። ከዚያ የተመለሰ ሰው ቤት የጃፓን ነገር ቢገኝ አይገርምም። የሚገርመው አጠገቤ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይነግረኝ መቆየቱ ነው።

"ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?"

"የሴት ጌጥ ነዋ። ወንድ ልጅ የአያቱን ሀብል አገላብጦ ያነባል እንዴ? ትናንት ለሆዳን ሲለኳት ነው ያየሁት።"

ሆዳን እህቱ ናት። ከሁለት ቀን በኋላ ልትዳር ነበር። ሀብሉ በዚያ ቤት ሴቶች ሁሉ ሠርጋቸው ቀን የሚያስሩት ነው፤ አያቷ አስረውታል፣ እናቷ አስራዋለች፣ አሁን ተራው የሆዳን ነበር። ከትምህርት በኋላ ሚኒባስ ይዘን ቀብሪበያ ሄድን። በመንገዱ ሁሉ ስለ ጃፓን የኒሻን ደረጃዎች ሳስረዳው እልያስ መስኮቱን ተደግፎ ተኛ።

የእልያስን አያት ሁሉም አዬዮ ፋጡማ ነው የሚላቸው፤ አዬዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ጅግጅጋ ገበያ ለወታደርና ለመምህር ሚስቶች ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ስለሆኑ አማርኛቸው ከእልያስ ይበልጣል። ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውኝ ሻይ በወተት አስቀረቡልኝ። አምስት ስድስት ሴቶች የሠርግ ጨርቅ እየቆረጡ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሆዳን ሀብሉን በሁለት እጇ ይዛ አመጣችው።

ብጫ የዕንቁ ድንጋዮች፣ በመካከላቸው የብር እንክብሎች፣ ከመሃል ደግሞ እሷ። የብር ኒሻን። ስምንት አቅጣጫ የተበተኑ ጨረሮች፣ እምብርቷ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት የመሰለ ቅርጽ፣ ከጀርባዋ አራት የጃፓን ፊደሎች። ማጉያ መነጽሬን አወጣሁ።

"ውይ፣ እንዴት ታምራለች" አልኩ።

ሴቶቹ በዝግታ "ማሻአላህ" አሉ።

"እንዲህ ያለች በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። እዩ ይህን ጫፍ። ምንም አልተጫረም።"

"ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አሉ አሁን ከፍ አድርገው፣ ወደ እኔ እያዩ። ከእኔ ጋር የተደነቁ መስሎኝ ደስ አለኝ። አዬዮ ፋጡማ ሻያቸውን አስቀመጡ።

ከዚያ ማስረዳት ጀመርኩ። የተቀደሰው ሀብት ኒሻን እንደምትባል፣ መስታወቱ ከጃፓን ነገሥታት ቅርስ አንዱን እንደሚያመለክት፣ ስምንተኛ ማለትም ዝቅተኛው ደረጃ እንደሆነች፣ ለተራ ወታደር ትሰጥ እንደነበር። ሆዳን በጣም አዳመጠችኝ። ጎበዝ ተማሪ እንደምትሆን ያስታውቅ ነበር፤ ጥያቄዋም የጎበዝ ተማሪ ጥያቄ ነበር።

"ታዲያ መምህር፣ የአዬዮ አባት የተዋጋው ለእንግሊዝ ነው። የጃፓን ንጉሥ እንዴት ይሸልመዋል?"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ" አልኩ። ይህን የምለው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያም ከአፌ ወጣ። "አይሸልመውም። ስለዚህ ከጠላት የተገኘች ናት። ወታደር ደግሞ ኒሻኑን በሕይወት እያለ ለማንም አይሰጥም። ስለዚህ ከሞተ ጃፓናዊ ደረት ላይ ተነቅላ የመጣች ናት።"

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት ግልጽ ነበር። የጨርቅ መቀሱ ድምፅ ቆመ። ሆዳን ሀብሉን ጭኔ ላይ አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እልያስ በሶማሊኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ።

አዬዮ ፋጡማ "ጨረስክ ማዓሊን?" አሉኝ። ማዓሊን መምህር ማለት ነው።

"አዎ፣ አዬዮ።"

"ትወዳታለህ?"

"በጣም።"

ከአንዷ ሴት መቀሱን ተቀብለው ክሩን ከኒሻኗ ግራና ቀኝ ቆረጡት። ዕንቁዎቹ ምንጣፉ ላይ ተበተኑ። ኒሻኗን በመዳፋቸው ይዘው ወደ እኔ ዘረጉ።

"እንካ። ያንተ ናት።"

"አይ አዬዮ፣ እንዴት ይሆናል..."

"እጅህን ዘርጋ።"

አንባቢዎቼ፣ አልዋሻችሁም። አፌ እምቢ እያለ እጄ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

እልያስ እዚያው ስላደረ ብቻዬን ተመለስኩ። በሚኒባሱ ውስጥ ኪሴን ሃያ ጊዜ ዳበስኩ። እነሱ የሞተ ሰው ንብረት ስለሆነች ተጸየፏት፣ እኔ ደግሞ ታሪኳን አውቄ እጠብቃታለሁ፤ ሁላችንም ተጠቀምን ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ከፈትኩ። ቁጥር አምስት። ክብደቷን መዝኜ ጻፍኩ፣ ደረጃዋን ጻፍኩ። "የመጣችበት" የሚለው መስመር ላይ ስደርስ እስኪርቢቶው ቆመ። "ስጦታ" ብዬ ጻፍኩና ሳየው የራሴ የእጅ ጽሑፍ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ እልያስ የሠርግ ፈቃድ ሊጠይቅ መጣ። ከእኔ ጠረጴዛ ራቅ ብሎ ቆመ።

"እንዴት አደሩ እነ አዬዮ?" አልኩት።

"ደህና።"

"ሆዳንስ?"

"ሆዳን ስታለቅስ አደረች። የሞተ ሰው ነገር የነካውን ሀብል አላስርም አለች። አዬዮ መሃሉን በሌላ ብር አስሞልታ ትሰረው ትላለች። ሆዳን ደግሞ መሃሉ የተቆረጠ ነገር በሠርጌ ቀን አልፈልግም ትላለች። አክስቶቼ ሀብሉ ሠርግ ሊደርስ ሲል መበጠሱ ጥሩ አይደለም እያሉ ነው።"

"ዛሬውኑ እመልሳታለሁ።"

"አዬዮ የሰጠችውን አትቀበልም። ሰጠች፣ አበቃ።"

"እልያስ፣ ተቀየምከኝ?"

የፈቃድ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተ። "እንግዳ ነህ" አለኝ። "እንግዳ አይወቀስም።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰሃን ላይ ስንበላ እንግዳ ብሎኝ አያውቅም።

በዕረፍት ሰዓት ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ቆሜ አፍደም ደወልኩ። ለጋሽ መኮንን ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ደረቱ ላይ ነበረች ነው ያልከው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ስማ ልጄ። ወታደር ጦር ሜዳ ኒሻኑን ሰክቶ አይገባም። የሪባኗን ቁራጭ ነው የሚሰካው። ኒሻኗ በሳጥኗ ቤቱ ትቀመጣለች፤ ይዟት ከወጣም ጓዙ ሥር ነው። አንተ የሠርግ ሱፍህን ለብሰህ እንጨት ትፈልጣለህ?"

"ታዲያ እንዴት በርማ ተገኘች?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ከጓዙ ተዘርፋ ሊሆን ይችላል?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ወይ ከተማረከ በኋላ ሸጧት፣ ለውጧት፣ ሰጥቷት?"

"እሱም ሊሆን ይችላል። የሰውዬው ልጅ በሕይወት አሉ አላልከኝም? እሳቸው ምን አሉህ?"

ዓይኔን ወደ ሰንደቅ ዓላማው አነሳሁ።

"ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?"

"አንድ ሰዓት ይሆናል።"

"አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ስታደርግ?"

"እያስረዳሁ ነበር።"

ጋሽ መኮንን ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። "ሠላሳ ዓመት ቲኬት ስቆርጥ" አሉ በመጨረሻ፣ "'ወዴት ነህ?' ሳልል ለአንድም ሰው ቆርጬ አላውቅም። አንተ ግን ሴትዮዋን ሳትጠይቅ በርማ አደረስካቸው።"

ኒካሁ፣ ማለትም የጋብቻው ቃል ኪዳን፣ በሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሰላት፣ ከቀትሩ ጸሎት፣ በኋላ ነበር። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ለመሄድ ተሳፈርኩ፤ ሚኒባሱ ግን እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። መንገድ ላይ ደግሞ ፍተሻ ነበር። ሁላችንንም አስወርደው አሰለፉን። ፈታሹ ወጣት ፖሊስ ከሸሚዜ ኪስ በመሃረብ የተጠቀለለችውን ኒሻን አወጣ።

"ይህ ምንድን ነው? ወርቅ ነው?"

"ብር ነው።"

"የምንድን ነው ጽሑፉ?"

ሰዓቴን አየሁ። አፌ ስለ ጃፓን ንጉሠ ነገሥት ሊከፈት ሲል ዘጋሁት።

"የሙሽራ ጌጥ ነው" አልኩ። "ዛሬ ነው ሠርጉ። ቀብሪበያ።"

አገላብጦ አያት። "ታዲያ አንተ ዘንድ ምን ትሠራለች?"

"እየመለስኳት ነው።"

ፊቴን አየና በመሃረቧ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "ሂድ፣ ሳይረፍድብህ።" በዚያ ሳምንት ስለዚያች ኒሻን የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ የገባኝ ሚኒባሱ ውስጥ ተመልሼ ስቀመጥ ነው።

ግቢው ድንኳን ተተክሎበት፣ ትልልቅ የሩዝ ድስት ተጥዶበት ደረስኩ። እልያስ በአዲስ ሽርጥና በነጭ ሸሚዝ በር ላይ ቆሟል።

"ገና ነው እኮ ሰዓቱ" አለኝ።

"አዬዮን አንድ ጊዜ ላናግራቸው።"

"ዛሬ? በሠርግ ቀን?"

"የተናገርኩት ነገር ልክ አልነበረም። ለሳቸው ሳልነግራቸው ሩዛችሁን አልበላም።"

በሩን ለቀቀልኝ። "አጭር አድርገው" አለ። "ከቻልክ።"

አዬዮ ፋጡማ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከበሩ ማዶ ሆዳንን ሄና ሲቀቧት ይታየኛል። መሃረቡን ፈትቼ ኒሻኗን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"አዬዮ፣ ከሞተ ሰው ደረት የተወሰደች ናት ብዬ ነበር። አላውቅም። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ተናገርኩ። ሆዳንንም አስለቀስኩ። ይቀበሉኝ።"

"የሰጡት አይመለስም" አሉ። ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረበትም። "ደግሞ የሞተ ሰው ነገር ስለሆነች ነው የሰጠሁህ ያለህ ማነው?"

"ታዲያ ለምን ሰጡኝ?"

"የሞተ ሰው ነገር እኔን ምን ያደርገኛል? እነዚህ ዕንቁዎች የእናቴ ናቸው፤ ሞታለች። ይህ ጋቢ የባሌ ነው፤ ሞቷል። የሞተ ሰው ነገር ካልለበስን ራቁታችንን ነን።" ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። "አንተ ስታያት ነበር። 'ታምራለች፣ ታምራለች፣ እንዲህ ያለ አላየሁም' ትላለህ። ሴቶቹ ማሻአላህ በል እያሉ ይለምኑሃል፤ አንተ መነጽር አውጥተህ ትቀጥላለህ። ዓይንህ እላይዋ ላይ ተንጠለጠለ። የሰው ዓይን የተንጠለጠለበትን ነገር በሙሽራ አንገት ላስር? እንግዳ ዓይኑን ከጣለበት፣ ነገሩን ለእንግዳው ሰጥተህ ትገላገላለህ። እንዲህ ነው እኛ ዘንድ።"

ሁለት ዓመት ጅግጅጋ ኖሬ፣ ሰው ሕፃን ሲያይ፣ አዲስ መኪና ሲያይ፣ የሰው ግመል ሲያይ ማሻአላህ ሲል በየቀኑ እሰማ ነበር። የሚያምር ነገር ስታይ ያመሰገንከው ፈጣሪን ነው፣ ነገሩንም አልተመኘህም ማለት ነው። ይህን ለአዲስ መጤ መምህራን ራሴ አስረድቻለሁ። በራሴ አፍ ግን አልነበረም።

"አዬዮ" አልኩ፣ "እውነት ነው፤ ተመኝቻታለሁ። ሲሰጡኝም ደስ ብሎኝ ነው የወሰድኳት።"

"አውቃለሁ። ፊትህ ላይ እንደ ረሃብ ይታይ ነበር።" ሳቁ፤ አንድ ጥርሳቸው ብቻ በብር ተለብጧል። "አሁንስ?"

"አሁን የምመኘው እልያስ እንግዳ ነህ እንዳይለኝ ነው።"

ከዚያ ወደ በሩ ዞረው በሶማሊኛ ተጣሩ፤ ውሃ በጣሳና ሰፊ ሳህን መጣ። እጄን ሳህኑ ላይ እንድዘረጋ አዘዙኝና ራሳቸው አስታጠቡኝ። "ዓይኑን የጣለ ሰው የታጠበበት ውሃ ዓይኑን ያነሳል" አሉና ቢስሚላህ ብለው ኒሻኗን እጄን የታጠብኩበት ውሃ ውስጥ ጣሏት። ሰማንያ ዓመት ውሃ ይንካት አይንካት የማይታወቅ የንጉሠ ነገሥት ኒሻን ሳህን ውስጥ ስትሰጥም የጋሽ መኮንን ሁለተኛ ሕግ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

"አሁን እያት። ምን ትላለህ?"

"ማሻአላህ" አልኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ከልቤ ነበር።

"አሁን ያንተ አይደለችም" አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ማድረቅ ጀመሩ። ውሃ ብቻ ሳይሆን መወልወልም መጣ።

እዚያ ጋ ተነስቼ ልወጣ እችል ነበር። ይልቅ ከሁለት ቀን በፊት ማለት የነበረብኝን አልኩ።

"አዬዮ፣ አባትዎ እንዴት ነው ያገኟት?"

እጃቸው ቆመ። "ጠየቅክ" አሉ።

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው ለወንዶች ሲያወሩ "ከጠላት ነጠቅኳት" ይሉ ነበር። ለሚስታቸው "ለአንቺ ገዛኋት" ይሉ ነበር። ለልጃቸው ለፋጡማ ብቻ፣ ታመው በተኙበት ወቅት፣ ሌላ ነገር ነገሯቸው። ጦርነቱ አልቋል። ጃፓኖቹ ተማርከው መንገድ ይጠግናሉ፤ የእሳቸው አባት ጠመንጃ ይዘው ይጠብቃሉ። የረመዳን ወር ነበር። አንድ ምርኮኛ፣ ጠባቂው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ አንድም ጊዜ ውሃ አለመጠጣቱን ያያል። ጦም ምን እንደሆነ አያውቅም። እንግሊዞቹ ለጥቁር ወታደራቸው ውሃ የከለከሉ ይመስለዋል። ከራሱ ድርሻ በኩባያ ቀድቶ፣ አለቃ እንዳያየው ተደብቆ ያመጣለታል።

"አባቴ ምን ያድርግ?" አሉ አዬዮ ፋጡማ። "ቢጠጣ ጦም ነው። ቢመልስ ሰውዬውን ማዋረድ ነው። በአንድ እጁ ጠመንጃ፣ በአንድ እጁ ኩባያ ይዞ ፀሐይ እስክትገባ ቆመ። መግሪብ ሲሆን ምርኮኛው እያየው ጠጣ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ያመጣለት ነበር። ምርኮኞቹ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄዱ ሲሉ አባቴ ብርድ ልብሱን ሰጠው። ሰውዬው ይህችን ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ ሰጠው።"

"ከሦስቱ የትኛው ነው እውነቱ?"

"የታመመ ሰው እውነትም ይናገራል፣ ይቃዣልም። እኔ ይህንን መርጬ ሃምሳ ዓመት አንገቴ ላይ አስሬያለሁ።"

ከበሩ ዘንድ ድምፅ ተሰማ። ሆዳን ነበረች፤ ሄናው እንዳይነካባት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆማለች። ከኋላዋ እልያስ አለ።

"አዬዮ፣ ይህን ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?" አለች።

"መቼ ጠየቅሽኝ? መልበስ ነው እንጂ ያማረሽ።"

ሆዳን መጥታ ከፊታቸው ተንበረከከች፤ አንገቷንም ሰጠች። "በይ እሰሪልኝ። እጄ ተቀብቷል።"

ሀብሉ ግን ገና አልተሰካም ነበር። ዕንቁዎቹ በጨርቅ ተቋጥረው ተቀምጠዋል። የአዬዮ ዓይን መርፌ ቀዳዳ አያይም፤ የሆዳን እጅ ሄና ነው፤ ሴቶቹ ድስት ላይ ናቸው። እልያስና እኔ፣ የሒሳብና የታሪክ መምህር፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ዕንቁ ስንሰካ ዙሁር ተቃረበ።

"ትልቁ በስተግራ ነው" አለኝ እልያስ።

"ወደ መሃል እየተለቀ ነው የሚሄደው፤ ምክንያቱም ሚዛኑ..."

"አንተ።"

"እሺ።"

"ዝም ብለህ ስካ፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ አለኝ። ቀና ሳልል ሰካሁ።

ኒካሁ ታሰረ፤ ሆዳንም ሀብሉን አስራ በሴቶች እልልታ መሃል ወጣች። ኒሻኗ ከአንገቷ ሥር፣ በትክክል መሃል ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት። ከግራና ቀኝ ያሉ አክስቶች በአንድ ድምፅ "ማዓሊን፣ ማሻአላህ በል" አሉኝ፤ አልኩ፤ ሳቁብኝ። ሩዙንም በሙዝ በላሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በተለይ አስተማሪ የሆናችሁ፣ ከዚህ ምን እንደተማርኩ በቁጥር ዘርዝሬ ልነግራችሁ እጄን በልቶኝ ነበር። ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በዚያች የመጀመሪያ ቀን ምንጣፉ ላይ ያስረዳሁት ነገር ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያለ ነው፤ ስሟ፣ ደረጃዋ፣ መስታወቱ። የተሳሳትኩት መጽሐፉ ሲያልቅ ዝም ማለት ሲገባኝ በራሴ ስለቀጠልኩ ነው። መጽሐፉ ያለቀበት ቦታ ላይ ደግሞ የወታደሩ ልጅ ሻይ ይዘው ተቀምጠውልኝ ነበር። ያወቅነውን ለመናገር ስንቸኩል ከፊታችን የተቀመጠውን ሰው እንደ ሰሌዳ እንጽፍበታለን።

አሁንም እሰበስባለሁ። አልበሜ ስድስት ሜዳልያ ደርሷል፤ ሁሉም የጃፓን ናቸው። ግን አሁን ባለቤት ቤት ስሄድ ማጉያ መነጽሬን ይዤ አልገባም። መጀመሪያ ሰውዬውን ወይም ሴትዮዋን አዳምጬ፣ ንግግራቸው ሲያልቅ ብቻ፣ ከፈቀዱልኝ ነው የማየው። ሦስት ጊዜ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ፤ ከሦስቱም ቤት ግን አሁንም ይደውሉልኛል። ክፍል ውስጥም የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለተማሪዎቼ ሰጥቻለሁ። ስለ ጦርነቱ ዘመን አያቶቻቸው ምን እንዳሉ ጠይቀው ይመጣሉ። ሦስት ዓይነት ወሬ ይዞ የመጣ ተማሪ ከሁሉ የበለጠ ማርክ ያገኛል።

እልያስ በየሳምንቱ መጨረሻ ቀብሪበያ ይሄዳል። አዬዮ ፋጡማ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ማዓሊኑ በዚህ ሳምንት ማንን ጠየቀ?" ይሉታል። መልስ ከሌለው ሻይ አይቀርብለትም። ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ ላይ እልያስ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይጠብቀኛል፤ እኔም ከጥበቃው ሠራተኛ ወይም ከሻይ ሻጯ አጠገብ ተቀምጬ የሰው ወሬ ስሰማ ሚኒባሱ ያመልጠዋል።